ጥቂት በጥቂት መግዛት ለምን ይወደዳል?

በአዲስ አበባ ከተማ በመምህርነት ደመወዝ ስለ መኖር በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ዐይነት ነው። ማኪያቶ ተው፣ ታክሲ ቀንስ፣ ሥጋ አታብዛ ይባላል። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኞቻችን እነዚህን ነገሮች ከተውናቸው ሰንብተናል። ታዲያ ማኪያቶ የተወ መምህር ወሩ በገባ በ20ኛው ቀን ኪሱ ባዶ ሲሆን ምን ሊባል ነው? በእኔ አስተያየት ገንዘባችን የሚያልቀው ስለምናባክን ብቻ ሳይሆን ዕቃ በምንገዛበት መንገድ ምክንያት ጭምር ነው። ይህንንም መምህራንም ሆኑ ተማሪዎች በወረቀትና በእርሳስ ሊያሰሉት በሚችሉት ሂሳብ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገጠር ከተማ ወደ አዲስ አበባ ስዛወር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የምገዛውም ሁሉ ለዕለቱ የሚሆነኝን ያህል ብቻ ነበር፤ ከሰል በፌስታል፣ ሽንኩርት በመደብ፣ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ እንጀራ ከሱቅ በቁጥር። በቁጠባ የምኖር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ለአንድ ወር ያወጣሁትን ሁሉ በባለ ካሬ ደብተር መዝግቤ ብደምረው ያላሰብኩት ነገር ወጣ። ከሰሉን ብቻ ብንወስድ፣ ያንኑ ያህል ከሰል በጆንያ ብገዛ ከምከፍለው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ አውጥቼበታለሁ።

ደብተሩን ይዤ ሽንኩርት ወደምገዛባቸው እማማ ዘንድ ሄድኩና በቀልድ መልክ ወቀስኳቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ እኔ በኩንታል የምገዛው በብድር ነው፤ አንተ በመደብ የምትገዛው በደመወዝህ ነው። ከሁለታችን የባሰበት ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ባለ ጉልቷ ለመኪና ትከፍላለች፤ ለተሸካሚ ትከፍላለች፤ የበሰበሰውን ለይታ ትጥላለች፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። በየደረጃው የሚጨመረው ይህ ሁሉ ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው መደብ በሚገዛው ሰው ላይ ነው። እንግዲህ ማንም ማንንም አላታለለም ማለት ነው። ሆኖም ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል ሰው ርካሽ ይገዛል፤ ጥቂት ያለው ውድ ይገዛል። በከተማ ኑሮ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ይህ ነገር በመብራት ሂሳብም አለ። የመብራት ታሪፍ በፍጆታ መደብ የተከፋፈለ በመሆኑ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። አሠራሩ ጥቂት የሚጠቀመውን ለመርዳት የታሰበ ነው። ዳሩ ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ተከራዮች አንድ ቆጣሪ ከተጋሩ የአራቱ ፍጆታ ተደምሮ ወደ ውዱ መደብ ይወጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ተጠቃሚ ነው፤ የሚከፍለው ግን እንደ ትልቅ ቤት ነው።

ሌላው ብድር ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት መምህር ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ 5,000 ብር ከአራጣ አበዳሪ ተበደረ። ወለዱ በወር 10 በመቶ ነበር፤ ማለትም በወር 500 ብር። ዓመት ሙሉ ወለዱን ሳያቋርጥ ከፈለ። 500 በ12 ሲባዛ 6,000 ብር ይሆናል፤ የተበደረው 5,000 ግን አልተነካም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ይህ ሰው የከፈለው ግን በዓመት 120 በመቶ ነው። በመጨረሻ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ጎበዝ የሂሳብ መምህር ነበር፤ ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ያነሡታል። የወለድ ሂሳቡን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም የተበደረው፤ 5,000 ብር በአንድ ላይ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ በማጣቱ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ፣ በየወሩ የሚመጣውን ጥቂት ገንዘብ እንዴት አድርገን በአንድ ጊዜ የሚወጣ ብዙ ገንዘብ እናድርገው የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅርጫን እናውቃለን። በዓል ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ያዋጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ታርዶ በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፣ ዕጣ ይጣላል። ሥጋ ቤቱ የሚያተርፈው በቤታችን ይቀራል። እኔን የሚገርመኝ፣ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ለሚበላ ሥጋ ይህን ያህል የምንራቀቅ ሰዎች በየቀኑ ለሚበላው ጤፍ ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ወደ ሱቅ መሄዳችን ነው።

በምሠራበት ማሠልጠኛ ተቋም ከሦስት ዓመት በፊት ስድስት ሆነን የጤፍ እቁብ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው። እቁብ ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሂሳቡን ግን ጥቂት እንመልከተው። 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ ባለ ዕጣው 12,000 ብር ያነሣል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ይቆጠራል፤ በመጨረሻው ወር የሚደርሰው ያለ ወለድ ያጠራቀመ ነው። ዋጋ በማይለዋወጥበት ጊዜ ጉዳቱ ብዙም አይደለም። ነገር ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት በ20 በመቶ ቢጨምር በመጀመሪያው ወር በ12,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ 14,400 ብር ይሆናል፤ መጨረሻ የደረሰው ሰው በ12,000 ብሩ አይገዛውም። ዋጋ ሲንር እቁብ የሚፈርሰው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ነዳጅን የመሳሰሉ ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦች በብር ሲቆጠሩ ዋጋቸው መናሩ ይታወሳል፤ ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የነበረውን ክርክር ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳል።

የእኛ መፍትሔ ቀላል ነበር። መዋጮውን በብር አልወሰንነውም፤ በጤፍ ወሰንነው። በየወሩ እያንዳንዱ አባል የአንድ ኩንታል ጤፍን ዋጋ አንድ ስድስተኛ ይጥላል። ዋጋው 12,000 ብር ቢሆን መዋጮው 2,000 ብር ነው፤ 13,200 ከሆነ 2,200 ይሆናል። ባለ ዕጣው የሚቀበለው ብር ሳይሆን ኩንታሉን ነው፤ በመጀመሪያም ይድረሰው በመጨረሻ የሚያገኘው 100 ኪሎ ነው። ይህንን ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሬሾና ስለ ዋጋ ንረት ሲያስተምሩ መምህራን ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ መጽሐፉ ላይ ካሉት የባቡርና የውኃ ጋን ጥያቄዎች ይልቅ ተማሪው ቶሎ ይገባዋል።

አፈጻጸሙ ግን እንደ ሂሳቡ ንጹሕ አይደለም። መጀመሪያ የገዛነው ጤፍ ገለባና አፈር የበዛበት ነበር፤ ተነፍቶ ሲመዘን ከ100 ኪሎው ብዙ ጎደለ። ከዚያ ወዲህ አንድ የገበሬ ልጅ የሆነ አባል ሳያየው አንገዛም፤ እርሱ እፍኝ ጤፍ መዳፉ ላይ አሽቶ እፍ ሲል ንጹሕነቱን ያውቃል። በመርካቶ አካባቢ እህል በረንዳ የሚባለው ሥፍራ ለብዙ ዘመን የከተማዋ የእህል ገበያ ሆኖ የቆየ ነው፤ እኛ ግን ዋጋ የምናነጻጽረው ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርም ከእሁድ ገበያም ጋር ነው። ስለ ቀለሙም ተከራክረናል። ማኛ ካልሆነ የሚል አባል ነበረን፤ ለእንግዳ ያሳፍራል ባይ ነው። ነጩ ከሰርገኛው መወደዱን እንጂ ከእርሱ ይልቅ የሚያጠግብ መሆኑን ማንም ሊያስረዳን ስላልቻለ ሰርገኛ ተወሰነ።

እቁቡ ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ አለው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ካላመጣ ኩንታሉን አይወስድም። አንዳንድ ሰው በወዳጆች መካከል ዋስ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል፤ እኔ ግን ወዳጅነቱን ያቆየልን ይኸው ነው እላለሁ።

ስለ ቤት ኪራይ ባጭሩ ላንሣ። ብዙ ሰው ኪራይ ይቀንስልኛል ብሎ ወደ ከተማዋ ዳር ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ግን ቢያሰላው መልካም ነው። ዳር ያለው ቤት በወር 2,000 ብር ቢቀንስና የትራንስፖርት ወጪው በቀን 50 ብር ቢጨምር፣ በ22 የሥራ ቀን 1,100 ብር ይሆናል፤ የሚተርፈው 900 ብር ነው። መንገዱ በቀን ሁለት ሰዓት ከጨመረ በወር 44 ሰዓት ይሄዳል። 900ን ለ44 ብናካፍል አንዱን ሰዓት ወደ 20 ብር ከ45 ሳንቲም ሸጥነው ማለት ነው። ልጆች ላሉትና አልጋ የማይበቃው ሰው ይህም ሊያዋጣው ይችላል፤ ደብተር ለሚያርም ላጤ ግን አይመስለኝም።

እዚህ ላይ መምህራን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ያ ወጣት ባልደረባዬ የተጠየቀው የስድስት ወር ቅድሚያ ነበር፤ አዋጁ ግን ያን ጊዜ አልወጣም።

በማዕድ ቤት በኩል ብዙ የምጨምረው የለኝም፤ ባለቤቶቹ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ባቄላና ሽንብራን ማታ ዘፍዝፎ ማደር እሳት ይቆጥባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት አንድም እንጀራ ሳይጋገር 0.875 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየለያዩ ከመጋገር ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ተከታትለው ቢጋግሩ፣ የመጨረሻውንም እንጀራ ሶኬቱን ነቅለው በቀረው ሙቀት ቢያወጡት ይሻላል።

ዕድርን ግን ከወጪ ለመቀነስ የሚያስብ ሰው ካለ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በየወሩ የሚከፈለው ጥቂት ነው። ሐዘን የደረሰበት ዕለት ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰሐንና የሚያስተዛዝን ሰው ለብቻው ልፈልግ ያለ ሰው የሚያወጣውን ሲያይ የዓመታት መዋጮውን ይረሳዋል። አራጣ አበዳሪ ዘንድ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱም ይኸው ያልታሰበ የለቅሶ ወጪ ነው።

የእኛ እቁብ ዛሬ አሥራ አንድ አባላት አሉት፤ ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች ሲሆኑ አንዱ የበር ጥበቃችን ነው። አባላቱ ሲበዙ ተራው ስለሚራዘም በየወሩ ሁለት ኩንታል ለመግዛት ተስማምተናል፤ አሥራ አንድን ለሁለት ማካፈል ስለሚያስቸግር አሥራ ሁለተኛ ሰው እየፈለግን ነው። ያለፈው ወር ዕጣ ለጥበቃችን ደርሶ ነበር። ጋሼ ግን ልጃቸውን በጥር ስለሚድሩ ዕጣቸውን ከአንዲት መምህርት ጋር ተለዋውጠው ጤፉን ለታኅሣሥ አዛውረውታል።