ድንበር የሚሻገረው ነጭ ጆሮ ቆርኬ

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተማሪ የዱር እንስሳ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የሰሜን ተራሮች ዋልያ ሳይሆን አይቀርም። ዋልያ ከገደሉ ብዙም አይርቅም። የጋምቤላው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ግን ውሃና ለምለም ሣር እየተከተለ በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን መካከል በየዓመቱ ይመላለሳል። ወንዱ ሲጎለምስ ይጠቁራል፤ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ግን ነጭ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የአውሮፕላን ቅኝት በደቡብ ሱዳን በኩል ያሉትን ወደ 5 ሚሊዮን ገምቷቸዋል፤ እጅግ የሚያስደንቅ ቁጥር ነው!

የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ለተጓዥ እንስሳ ፓርክ መከለል ብቻውን አይበቃም። በመተላለፊያው ላይ ሰፋፊ እርሻ ከተስፋፋ መንጋው ውሃው ጋ መድረስ ይቸግረዋል። ሕገወጥ አደንም ስላለ ሁለቱ አገሮች መንገዱን አብረው መጠበቅ አለባቸው።