ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ አጠባበቅ

በሀገራችን ለደብር ጉልት በተተከለ ጊዜ ስጦታው በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጻፍ እንደ ነበረ፣ ከጽሑፉም ጋራ የምስክሮቹና የሹማምንቱ ስም ይቈጠር እንደ ነበረ ካህናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ወንጌሉ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ጠባቂውም የታወቀ ሰው ነው። ተንኰለኛ ሰው ብራናውን ፍቆ ሌላ ስም ቢጽፍበት እንኳ የተፋቀው ስፍራ ለዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል።

ዛሬ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር አልፎ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት የሚሄድ ባለጉዳይ የሚይዘው ማስረጃ ግን ብዙ ጊዜ ብራና ወይም ወረቀት አይደለም፤ በስልክ የተላከ መልእክት፣ የባንክ ሒሳብ መዝገብ ወይም ካሜራ የቀረጸው ሥዕል ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ቢፋቅ ፍቀቱ አይታይም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ንጹሕ ሰው በተለወጠ ጽሑፍ ሊታሰር፣ በደለኛውም እውነተኛው ጽሑፍ ጠባቂ በማጣቱ ምክንያት ሊያመልጥ ይችላልና።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በኮምፒዩተር የሚፈጸሙትን ጥፋቶች ከአንቀጽ 706 ጀምሮ ደንግጎ ነበር። ማስረጃው እንዴት እንደሚያዝና እንደሚቀርብ የተለየ ሥርዓት የተሠራው ግን በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 ነው። በዚህ ዐዋጅ መሠረት የተያዘ የኮምፒዩተር ጽሑፍ፣ የተረጋገጠ ግልባጩም ሆነ ኅትመቱ፣ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አለው፤ ነገር ግን እውነተኛነቱን የማስረዳት ሸክም የአቅራቢው ነው። ብዙ ሰው የፊተኛውን ቃል አንብቦ የኋለኛውን ይዘልላል። ክርክሩ የሚወድቀው ግን በኋለኛው ነው።

ስልክ የያዘ ሹም ለሥራው ከመትጋት የተነሣ ወዲያው ከፍቶ መልእክቱን ማንበብ ይጀምራል። በዚህም ያልተነበበው የተነበበ ይሆናል፤ በውስጡ የተመዘገቡት ጊዜያትም ይለወጣሉ። ስልኩ ከኔትዎርክ ያልተለየ እንደ ሆነም ባለቤቱ በሩቅ ሆኖ በትእዛዝ ሊደመስሰው ይችላል። ስለዚህ ከማንበብ በፊት ስልኩን ከኔትዎርክ መለየት፣ ማን ከማን እጅ በየትኛው ሰዓት እንደ ተቀበለው መጻፍ፣ አሽጎም ለባለሙያ ማስረከብ ይገባል። ባለሙያውም በዋናው ላይ ምንም እንዳይጻፍ በሚከለክል መሣሪያ ሙሉ ግልባጭ አንሥቶ ምርመራውን በግልባጩ ላይ ያደርጋል።

ግልባጩ ከዋናው ጋራ አንድ መሆኑ የሚታወቀው ሃሽ በሚባል ስሌት ነው። ይኸውም ጽሑፉ የቱንም ያህል ብዙ ቢሆን ኮምፒዩተሩ አስልቶ አንድ አጭር ምልክት ያወጣለታል፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዐይነት 64 ፊደላትና አኃዞች አሉት። ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ምልክቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የተያዘ ዕለት በመዝገብ የሰፈረው ምልክት በችሎት ቀን ከሚወጣው ጋራ ከተስማማ፣ ብራናው አለመፋቁ ታወቀ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በእኛ ሀገር ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የሰዓት ነገር ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ጉድለት አግኝቶት ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ያልነበረውን ገንዘብ አወጡ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ490,000 በላይ የገንዘብ እንቅስቃሴ መደረጉን፣ ያለ አግባብ የወጣውም 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን ባንኩ ገልጦ ነበር፤ ኋላም አብዛኛው ተመልሷል። ማን ስንት እንደ ወሰደ የተለየው በኮምፒዩተሩ መዝገብ ነው እንጂ በሰው ምስክርነት አይደለም።

እንግዲህ በዚያች ሌሊት በ7 ሰዓት ገንዘብ ያወጣ ሰው ቢጠየቅ «ዐርብ ሌሊት ነው» ይላል። በፈረንጅ አቈጣጠር የሚሄደው ሰዓት ግን ቅዳሜ ማርች 16 ቀን፣ 1 ሰዓት ነው ይላል። ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ኮምፒዩተር ደግሞ ዐርብ ማርች 15 ቀን፣ 22 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ያለ ትርጓሜ በዳኛ ፊት የቀረቡ እንደ ሆነ ግን ሦስት የተጣሉ ምስክሮች ይመስላሉ። ጠበቃም ይህን ልዩነት ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ሊያልፈውም አይገባም። ስለዚህ በያንዳንዱ መዝገብ ላይ ሰዓቱ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ መግለጽ፣ ዕቃው በተያዘም ጊዜ የራሱ ሰዓት ከትክክለኛው ስንት ደቂቃ እንደሚለይ አስተያይቶ መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይገባው ነበር።

ደግሞም ማስረጃው ቈይቶ አይጠብቅም። በሱቅ ደጃፍ የተሰቀለ ካሜራ ማከማቻው በሞላ ጊዜ በአሮጌው ሥዕል ላይ አዲሱን ይቀርጻል፤ ይህም በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይሆናል። ዐዋጁ ለመርማሪው የጥበቃ ትእዛዝ በጽሑፍ የመስጠት ሥልጣን የሰጠው ስለዚህ ነው። ትእዛዙ የሚጸናው ለ3 ወር ነው፤ የሚራዘመውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የትእዛዙን ቀን በመዝገቡ ሽፋን ላይ ያልጻፈ ጸሐፊ፣ ነገሩ በቀጠሮ ሲገፋ 6ቱ ወር እንዳለቀ ሳያውቅ ይቀራል፤ ሥዕሉን ያስቀመጠውም ሰው ከዚያ በኋላ ቢያጠፋው ትእዛዝ አፈረሰ ተብሎ አይጠየቅም።