«ብዪ እንጂ!» ከማለት ያለፈ ፍቅር

ለዓመታት ምግብ የምትሸሽ ልጅ ወይም እህት አለችዎት? ጎረቤት «ጠግባ ነው» ይላል፤ ዘመድ በግድ ያጎርሳታል፤ ሆስፒታል ተኝታ ኪሎ ጨምራ ትወጣለች፤ ከወራት በኋላ ተመልሳ ትከሳለች። በመጨረሻም «አመሏ ነው» ተብላ ትተዋለች።

አኖሬክሲያ ግን አመል ሳይሆን በሽታ ነው፤ ተስፋም አይቆረጥበትም። በአሜሪካ ቦስተን ታማሚ ሴቶችን ለረጅም ጊዜ የተከታተለ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ9ኛው ዓመት ገደማ የዳኑት 31 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ22ኛው ዓመት ገደማ ግን 63 በመቶ ያህል ድነው ተገኝተዋል። ስለዚህ አሥር ዓመት የታመመች ሁሉ «አትድንም» አትባልም።

ታዲያ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ማን ይከታተላት? በአቅራቢያዋ ያለ ሐኪም ክብደቷን፣ ደሟንና የልብ ምቷን በየጊዜው ይመርምር። የምታስመልስ ከሆነ በደሟ ያለው ፖታሲየም ቀንሶ ልቧ በድንገት ሊቆም ይችላል። ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ ያለ ወትሮው ከመታ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያድርሷት።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በጾም ጸሎት ሳምንት «አንቺስ አትጾሚም?» አይበሏት፤ ለእርሷ ጾም አደጋ ነውና። «ከሳሽ» ወይም «አማረብሽ» ማለቱንም ይተዉት። ስለ ሰውነቷ ሳይሆን ስለ ውሎዋ ይጠይቋት፤ ከምትወደው ሥራ፣ ከትምህርቷ፣ ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር እንዳትቆራረጥ ያግዟት። እናቷም ደክማለችና አንድ ቀን ተክተው አብረዋት ይዋሉ።

ዛሬ ለማን ይደውላሉ?