በርበሬው የማን ድካም ነው?

ዛሬ ስለ በርበሬያችን እንጫወት። የማረቆን በርበሬ ቆሼ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ችግኙ በመደብ ይፈላል፤ ክረምት ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ይኮተኮታል፣ ይታረማል። ሲቀላ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥቡን የከመረ ይሻግትበታል።

ለመሆኑ ለቀማው ላይ እነማን ይውላሉ? ሴቶችና ልጆች ይበዛሉ። በርበሬ የነካ እጅ ያቃጥላል፤ እናት ሕፃኗን ከማጥባቷ በፊት ደጋግማ ትታጠባለች። ሚዛኑ ዘንድ ግን አባወራው ብቻውን ይቆማል። በስንት እንደሸጠ ለሚስቱ ሳይነግር የሚያድርም አለ። እኔ ይህን አልወደውም።

አንድ ተማሪዬ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቁጥር በለዩ ሰሞን ኪሎውንና ብሩን በደብተር ጽፈው ለባለቤታቸው አነበቡላቸው። ባለቤታቸውም፣ «ሁለተኛው ጆንያስ?» አሉ። ለካ ረስተውት ኖሯል።