ለሐጅ ጉዞ የሚሆን የእህቶች የጀርባ ቦርሳ

ከዙልሒጃ 8 እስከ 13 ባሉት ቀናት ሐጅ የምታደርግ እህት ከሚና ወደ ዐረፋ፣ ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ፣ ከዚያም ተመልሳ ወደ ሚና ትጓዛለች። በአንድ ትከሻ የተንጠለጠለ ከባድ ቦርሳ ለዒባዳ የሚያስፈልጋትን ጉልበት ይጨርስባታል።

የጀርባ ቦርሳ ሲገዛ ቁመቱ ከአንገት ሥር ካለው ጉልህ አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ ካለው ርዝመት ጋር ይመጣጠን። የሴት ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ ስለሚያጥር የባል ወይም የወንድም ቦርሳ ላይስማማት ይችላል። የወገብ ቀበቶው ዳሌ ላይ ይረፍ፤ ሸክሙን በብዛት መያዝ ያለበት ዳሌ እንጂ ትከሻ አይደለም። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ይጠጋ። ማንገቻው ሒጃብ የሚጎትት መሆን አለመሆኑ፣ ከጉዞው በፊት ዕቃ ሞልቶ በመራመድ ይታያል።

እናቶቻችንን የምንሸኝ ልጆች ሸክማቸውን እናቅልል። አላህ ሐጃቸውን ይቀበላቸው፤ አሚን።