እውነት ወይስ ተረት? «ቤታው ይሻላል፤ አዲሱ እሱ ነው»

ባለፈው ክረምት እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤታችን ገባ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ፓይለት መሆን ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በበረራ ጌሙ አርባ ምንጭ ኤርፖርት ለማረፍ ሲታገል ከርሟል። ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ አሳየኝ። በአባያ ላይ ዝቅ እያለ ይመጣል። ሐይቁ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነው፤ እኛ የምናውቀው አባያ ግን ደለል ያቀላው፣ ሸክላ የመሰለ ነው። ሜዳው ይታያል፣ ይቀርባል፣ ጎማው አስፋልቱን ሊነካ ሲል አውሮፕላኑ መሬት እንደሌለ ሁሉ ሰንጥቆ ወደ ታች ይገባል። «ጋሼ፣ ፈጥኜ እየወረድኩ መሰለኝ» አለኝ። ፍጥነቱን ቀንሶ ሞከረ፤ ገባ። ፍላፑን ቀደም ብሎ አወረደ፤ አሁንም ገባ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ነበር። ጌሙ ሲከፈት ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ቤታ» የሚል ተጽፎበታል። ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው «ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠኝ። አዲሱ እሱ ነው፣ ከስቴብሉ ይሻላል አለኝ» ሲል መለሰልኝ።

ይህን አባባል እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ቤታ አዲስ ነው፣ አዲስ ደግሞ ይሻላል፤ ስቴብል የሚባለው ያረጀውና የተተወው ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ለማረም የሚያስቸግረው። ቤታ በእርግጥ አዲስ ነው። ነገር ግን ቤታ ማለት ሠሪዎቹ «እኛ አይተን የጨረስነውን ያህል ጨርሰናል፤ አሁን እናንተ ተጠቀሙበትና ጉድለቱን ፈልጉልን» ብለው ለሞካሪ የሚሰጡት ሥራ ነው። አዲስ ነገር ተጨምሮበታል፤ የተጨመረው ከነባሩ ጋር ተስማምቶ መሥራቱ ግን ገና አልተረጋገጠም። ስቴብል፣ ማለትም የተረጋጋው ስሪት፣ ያ ፈተና ካለፈ በኋላ ለሁሉም ሰው የሚወጣው ነው።

የልጁ እናት የሙዝ ነጋዴ ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው ከልጁ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። የአርባ ምንጭ ሙዝ ሳይበስል አረንጓዴውን ተቆርጦ አይሱዙ ላይ ተጭኖ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ የሚበስለው እዚያ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ነው። አረንጓዴው ሙዝ መጥፎ ሙዝ አይደለም። ማብሰያ ላለው ነጋዴ የሚሆን እንጂ ከትምህርት ቤት ርቦት ለመጣ ልጅ የሚሰጥ ግን አይደለም። ቤታም እንዲሁ ነው፤ ለማን እንደተዘጋጀ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህ እምነት ለምን አይለቀንም? ሞኝነት ነው ብዬ አላምንም፤ በቂ ምክንያት አለው። ስልክም ልብስም የምንገዛው በአዲስነቱ ነው፤ ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን መምረጥ ደግሞ የተለመደ ነው። ስሙም ራሱ ያሳስታል። በእኛ ጆሮ አልፋ የሚለው ቃል ከአልፋና ኦሜጋ ጋር የተቆራኘ፣ ትልቅነት የሚሰማበት ነው። በሶፍትዌር ዓለም ግን አልፋ ጥሬው፣ ከቤት ሳይወጣ የሚሞከረው ነው፤ ቤታ ደግሞ ሁለተኛው ፈተና፣ ወደ ውጭ ሰው የሚወጣው። (የግሪኩ ቤታ ከግእዙ «በ» ጋር ዘመድ ነው፤ የ«በ» የፊደል ስም «ቤት» ነውና። ከእኛው ፊደል የሚዛመድ ስም ይህን ያህል ሲያሳስተን ይገርመኛል።)

ከሁሉም በላይ ግን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው አስለመዱን። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ሲወጣ ቤታ ተብሎ ነው፤ የሚገባውም በግብዣ ብቻ ስለነበር ግብዣ ያገኘ ሰው እንደ ዕድለኛ ይታይ ነበር። «ቤታ» የሚለው ጽሑፍ የተነሳለት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ሚሊዮኖች ደብዳቤያቸውን በቤታ ሲልኩ ምንም አልሆኑም። ማይንክራፍትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ሙሉ ስሪቱ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና በአልፋና በቤታ ደረጃ ሳለ እየተሸጠ ዓለምን አዳርሷል። ይህን ያየ ሰው ቤታን ቀድሞ የገባ ሰው ሽልማት አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። የቴሌግራም ቻናሎችም «ቤታ»ን ከ«ፕሮ» እና ከ«ፕሪሚየም» ጋር ደርድረው እንደ ማዕረግ ይለጥፉታል። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር ከሠሪዎቹ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከእኛ ዘንድ የሚደርሰው ስሙ ብቻ ነው።

«ስቴብል ያረጀ ነው» የሚለውን እንመልከት። ፍላይትጊር የሚባለውን የበረራ ሲሙሌተር ብዙ የአርባ ምንጭ ተማሪ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ነጻ ነው፣ ክፍያም የባንክ ካርድም አይጠይቅም። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን እስከ ዛሬ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። 2020.3 የሚል ቁጥር የያዘውን ስሪት አዘጋጆቹ ለረጅም ጊዜ የሚጠገን የተረጋጋ ስሪት ብለው ነው ያወጡት። 2020 የፈረንጅ ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ዓመቱን ያየ ሰው «ይኼማ ስንት ዓመቱ!» ብሎ ይተወዋል። ከ2020.3 ቀጥሎ የሚመጣውን ሌላ ቁጥር ግን አያየውም፤ እሱ እየጨመረ 2020.3.19 ደርሶ ነበር። እያንዳንዱ ጭማሪ ጥገና ነው። አዲስ ጌጥ አልተጨመረም፤ የሚንጠባጠበው ጣሪያ ግን ተደፍኗል። ስቴብል ማለት የቆመ ሳይሆን ሳያናውጥ የሚጠገን ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ብዙ ሰው «ጌም አይደል እንዴ፣ ቢበላሽስ ምን ይመጣል?» ይላል። ለኳስ ጌም ቢሆን ብዙም አልከራከርም። ሲሙሌተር ግን ከሌላው ጌም የሚለየው አንድ ጥቅም አለው፤ ስትሳሳቱ ስህተቱ የእናንተ መሆኑን ያሳያችኋል። ኤርፖርታችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በሙቀቱ በሚታወቀው የስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከፍታና ሙቀት ሲደመሩ አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው። በምዕራብ በኩል የጨንቻ ተራራ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ይህን በሲሙሌተር የሚማር ልጅ አውሮፕላኑ አልወጣ ሲለው «ሙቀቱን አላሰብኩትም» ማለት መቻል አለበት። ቤታ ላይ ከሆነ ግን ሙቀቱን ረስቶ ነው፣ ሞተሩን ረስቶ ነው፣ ወይስ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የነካካው የበረራ ስሌት ነው የተበላሸው? አያውቅም። ያ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልሠራውን ጥፋት ሲያርም ከረመ። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ያጣው ሁለት ሳምንት ብቻ አይደለም፤ በትክክል ይሠራ የነበረውን ነገር ጭምር ቤታው አስለቀቀው። ፍጥነቱ ልክ ነበር፤ ልክ ያልሆነ እስኪሆን ድረስ ቀነሰው።

አርባ ምንጭ የሚመላለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪዩ 400 አውሮፕላን አብራሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠለጥኑበት ሲሙሌተር የልጁ ላፕቶፕ ታላቅ ወንድም ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ብቃቱ በሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ ሳይረጋገጥ የተሠለጠነበት ሰዓት አይቆጠርም፤ ሶፍትዌሩ በተነካ ቁጥርም ከእውነተኛው አውሮፕላን ጋር መግጠሙ ይታያል። እንደዚያ የሚጨነቁት የሰልጣኙ እጅ የተሳሳተ ነገር እንዳይለምድ ነው።

ከኤርፖርቱ ብዙም ሳንርቅ ሌላም ምሳሌ አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲመሠረት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ የጎርፍ ስሌት ከጅምሩ የሚታወቅበት ሙያ ነው። በዚህ ሙያ በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች አንዱ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የሚያዘጋጁት ሄክራስ ነው፤ ወንዝ ሲሞላ ውሃው የት ድረስ እንደሚሄድ ያስመስላል። ሄክራስ 6.0 እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በቤታ ወጥቶ የመጨረሻው ስሪት የመጣው በ2021 ነው። የኩልፎ ወንዝን ሙላት የሚያሰላ ተማሪ በዚያ መካከል ቤታውን ቢይዝ ምን ይገጥመዋል? ውጤቱ እንግዳ ሲሆንበት የወንዙን መረጃ ይጠራጠር ወይስ ሶፍትዌሩን? የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ደግሞ የተጠቀመበትን ስሪት መጻፍ አለበት። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ስሌት ቢደግመውና ሌላ መልስ ቢያገኝ፣ ልፋቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ይህን ስል ግን በተቃራኒው ያለውን ተረት ላጸና አልፈልግም። «ስቴብል ከሆነ እንከን የለበትም» የሚሉም አሉ። እንከንማ አለበት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 737 ማክስ አውሮፕላን ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቦይንግ አብራሪዎች በሚሠለጥኑበት የ737 ማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር ላይ እርማት ማድረጉን አስታውቋል፤ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል አያስመስልም ነበር። ያ ቤታ አልነበረም። በሥራ ላይ የዋለ፣ የታመነበት ነበር። ስቴብል ማለት የታወቀው ጉድለት ተለቅሞ፣ አዲስ ሲገኝ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት እንጂ ፍጹም ማለት አይደለም።

«ካልተስማማኝ አጥፍቼ ወደ ድሮው እመለሳለሁ» የሚለው ደግሞ ኪስ የሚያራቁት ተረት ነው። ፕሮግራሙን ማጥፋት ቀላል ነው። ጨዋታችሁን ያስቀመጣችሁበት ፋይል ግን አንዴ በአዲሱ ስሪት ከተከፈተ ብዙ ጊዜ አሮጌው አያነበውም። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚጫወቱ ልጆች ይህን ያውቁታል፤ በዓመታት የገነቡትን የጭነት ድርጅት በሙከራው ስሪት ከፍተው ወደ ተረጋጋው ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ ያገኙታል። ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሯቸው ካርታዎችና መኪኖችም ለነባሩ ስሪት የተሠሩ ስለሆኑ በአዲሱ ይሰናከላሉ። መልሶ ለማውረድ ደግሞ ስንት ጊጋባይት ነው! የወር ጥቅላችንን የምንቆጥብ፣ ማውረዱ ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ መብራት የሚጠፋብን ሰዎች «እመለሳለሁ» የሚለውን ቃል በቀላሉ መናገር የለብንም።

ቤታ ቫይረስ ነው፣ ኮምፒውተር ያቃጥላል የሚሉ ወላጆችም ገጥመውኛል። አይደለም። ከሠሪዎቹ በቀጥታ የወረደ ቤታ ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈራው ማን እንደነካካው ሳይታወቅ በፍላሽ የሚዞረው ነው፣ ያ ደግሞ ቤታም ሆነ ስቴብል ያስፈራል። ሞካሪዎች ባይኖሩ ስቴብል የሚባል ነገር አይወጣም ነበር። ከእኛ ልጆች መካከል ይህን ሥራ የሚሠሩ ቢበዙ ደስ ይለኛል። ስለ አርባ ምንጭ ኤርፖርት ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? አባያ ሰማያዊ አለመሆኑን የሚነግራቸው ከዚህ ካልሆነ ከየት ይመጣል? ግን ሞካሪ የሆነ ሰው ሥራውን እንደ ሥራ ይያዝ፤ ቤታውን ከስቴብሉ ለይቶ በሌላ ፎልደር ይጫን፣ ያስቀመጠውን ጨዋታ አስቀድሞ ይቅዳ፣ ጉድለት ሲያገኝ ምን ሲያደርግ እንደተፈጠረ ጽፎ ለሠሪዎቹ ይላክ። ጉድለቱን ካልጻፈላቸው ችግሩን ብቻ ነው የተሸከመው።

የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጌሙ ሲከፈት የሚታየውን የስሪት ቁጥር ተመልከቱ። ከቁጥሩ አጠገብ አልፋ፣ ቤታ፣ አርሲ ወይም ናይትሊ የሚል ካለ የሙከራ ነው። በስቲም የምትጫወቱ ከሆነ በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ቤታ የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ምንም ካልመረጣችሁ የተረጋጋው ላይ ናችሁ። ኤክስፕሌን የሚባለው የበረራ ሲሙሌተር ደግሞ ሲታደስ ቤታም ይፈለግ እንደሆነ የሚጠይቅ ሳጥን አለው፤ ያለ ምክንያት ምልክት አታድርጉበት።

ልጁ ቤታውን አጥፍቶ ስቴብሉን ለማውረድ ሁለት ሌሊት ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ማታ በራችንን አንኳኳ። አውሮፕላኑ ሜዳውን ነክቶ ነጥሮ ነበር፤ ከዚያ አስፋልቱን ጨርሶ ሣሩ ውስጥ ቆመ። ልጁን ግን እንደዚያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም። «ጋሼ» አለኝ፣ «ይኼኛው የኔ ጥፋት ነው። በጣም ቀስ ብዬ መጣሁና ደንግጬ ነዳጅ ሰጠሁት።» ደብተሩን አውጥቶ ፍጥነቱን ጻፈ።