ተራ ያለው ማዕድ፦ ሰንበቴ በኩዌት

ሰንበቴ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ተረኛው እሑድ ዳቦና ጠላ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ካህኑ ይባርካል፣ አባላትና ነዳያን ከጸበል ጻዲቁ ይቀምሳሉ።

የሚያንገበግበኝ ሰንበቴን የባለጸጎች ቸርነት የሚያደርጉት ሰዎች ነገር ነው። ሰንበቴ የሚቆመው በተራ ነው። ሀብታሙም ድኻውም ቀኑ ሲደርስ ያወጣል፤ ያቃተው እንደሆነ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ከሌሎች ጋር ተማክሮ ያግዘዋል እንጂ ከማኅበሩ አያስወጣውም። ዛሬ ያበላ በሚቀጥለው ይበላል። የተራበው ጎረቤት አብሮ ሲቀመጥ የማንም ባለዕዳ ሆኖ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ኩዌት ሲገባ መጀመሪያ የሚጋጨው ከቀኑ ጋር ነው። እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ የዕረፍቱ ቀን ዓርብና ቅዳሜ። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ ትልቁን ጉባኤ ዓርብ ያደርጋሉ፤ በከተማው መሃል ያለው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ግቢም ዓርብ በብዙ ቋንቋ መዝሙር ይሞላል። ለኛ ለኦርቶዶክሶቹ ግን ዓርብ ጾም ነው። ከበዓለ ሃምሳና ዓርብ ላይ ከሚውሉ ልደትና ጥምቀት በቀር የዓርቡ ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ዳቦ ነው፤ ወተት የገባበት ዳቦ እያመጣችሁ የምታስቀምጡ እባካችሁ ጠይቃችሁ ግዙ። ጠላውም ይቀራል። በኩዌት መጠጥ በሕግ ክልክል ነው። «ለበረከት ትንሽ ብቻ» ብሎ በኪራይ ክፍል ውስጥ የሚጠነስስ ሰው ራሱንም አብሮት የሚኖረውንም ለእስርና ከሀገር ለመባረር ያጋልጣል። ሻይ ይበቃል።

ትልቁ ፈተና ግን ማድ ቤት ነው። አብዛኛዋ ወገናችን በአሠሪዋ ቤት የምታድር የቤት ሠራተኛ ናት፤ የምታበስልበት የራሷ ምድጃ የላትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68) የሳምንት ዕረፍት ቢሰጣትም ከበር የማትወጣ ብዙ ናት። ምድጃ ያላቸው እንደ ፈርዋኒያ፣ ሐወሊና ጅሊብ ባሉ ሰፈሮች ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ናቸው። እናም ተራው መልኩን ይለውጣል፦ ምድጃ ያላት ትሠራለች፣ የሌላት የሽንኩርቱንና የዘይቱን ዲናር በእኅት እጅ ትልካለች። ለረጅም ጊዜ ዓርብ ወጥታ የማታውቅ አንዲት ልጅ «ተራዬን እንዳትዘሉኝ» ብላ ስትደውል ሰምቻለሁ። አንድም ቀን ከማዕዱ አልቀመሰችም፤ ተራዋ ግን ተጠብቆ ነበር። ሰንበቴን ቸርነት ለሚሉት ይህችን ልጅ ነው የምነግራቸው።

የሚበላውስ ማን ነው? ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ «ጠፍታለች» የተባለችና መኖሪያ ፈቃዷ የተቋረጠ፣ ደመወዝ የተከለከለ፣ ሥራ የፈታ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል መጀመሪያ መንግሥት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የጅሊብንና የመህቡላን ሰፈሮች ሲዘጋ የቀን ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ገቢው ነጠፈ። አብያተ ክርስቲያናትም ተዘግተው ስለነበር በአንድነት መቀመጥ አልተቻለም። ከዚያ ወዲህ እኔ የበሰለውን ብቻ ሳይሆን ጥሬውንም አስባለሁ፦ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ዱቄት።

ፎቶ አታንሱ። ፈቃድ የሌላት ሴት ፊቷ በስልክ ከዞረ የበላችው እንጀራ መዘዝ ይሆንባታል። የምታመጡትንም ዓርብ ጠዋት ሳይሆን ሐሙስ ማታ ለተረኛዋ ንገሯት፤ ስንት ኪሎ ምስር እንደምትቀቅል ማወቅ አለባት።